በሰኔ ስምንት የሚቆፈር ብረት

የጋሽን ወንዝ እንደ ሌላው ወንዝ የሚቆጥር እንግዳ ካለ ተታሏል። ዘጠኝ ወር ሙሉ ጠብታ ውሃ የለበትም። ጎረምሳው ኳስ ይራገጥበታል፣ የጭነት መኪናው አሸዋ ይዝቅበታል፣ ፍየሉ ተጋድሞ ያመሰኳበታል። ከዚያ በክረምቱ አንድ ቀን ከኤርትራ ደጋ ተነስቶ፣ ጭቃ መስሎ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ማንንም ሳያስፈቅድ በካሰላ ከተማ መሃል ይነጉዳል። የካሰላ ሰው ይሄንን ወንዝ ይወደዋል። የሚጠጣው ውሃም ሆነ የሚበላው ሙዝና ብርቱካን ከእሱ ነውና ምን ያድርግ? ሲመጣ ወጥቶ በእልልታ ይቀበለዋል፣ ቤቱን ሲያፈርስበት ይራገመዋል፣ በዓመቱ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ወጥቶ እልል ይላል።

ወንዙን ሳይወድም ሳይራገምም ዝም ብሎ የለካው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የጀናይን ሰፈሩ ኦኪር ሐምድ። የኦኪርን ዕድሜ ልተርክላችሁ ነው፤ ግን ሁሉንም አይደለም፣ በዓመት አንድ ቀን ብቻ። ቀኗም ሰኔ ስምንት ናት። የካሰላ ሰዎች በፈረንጁ ቆጥረው ጁን አሥራ አምስት ይሏታል፤ ቀኗ ያቺው ናት። ኦኪር በአርባ አራት ዓመት ውስጥ አንዷንም ሰኔ ስምንት አልሳታትም። እኔ ባለፈው ዓመት ሰኔ ስምንት የት እንደዋልኩ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ኦኪር የሃያ ሁለት ዓመት ጎረምሳ ሳለ ነው ወንዙን የሚጠብቀው ቢሮ በድልድዩ ላይ ውሃ ለካኝ አድርጎ የቀጠረው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። በድልድዩ ምሰሶ ላይ ቁጥር የተጻፈበት መለኪያ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ውሃው የደረሰበትን አንብቦ ለቢሮው በስልክ መንገር ነው። ከሰሌዳው ራስ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀይ መስመር አለ። ውሃው ቀዩን ሲነካ ለካኙ በድልድዩ አፍ ላይ የተቀመጠውን ትልቅ ነጋሪት ይመታል። ያን ጊዜ ጀናይን፣ በወንዙ ዳር ከተከመረው የአፈር ግድብ ሥር የተኛ ዝቅተኛ ሰፈር ስለሆነ፣ የጠፍር አልጋውን ተሸክሞ፣ ሽማግሌውን አዝሎ ከከተማው ጀርባ ወዳለው ተራራ ሥር ይወጣል። ቀዩ ሳይነካ ግን አልጋውን የሚያወጣ የለም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው። ቀዩ ሳይነካ አልጋ ያወጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ መሳለቂያ ሆኖ ይከርማል፤ ሚስቱ እንኳ አታዝንለትም።

ያ የመጀመሪያው ሰኔ ስምንት አዲሱ ሰሌዳ የተሰቀለበት ዕለት ነበር። የሰቀለው ኡስታ በኪት የሚባል ሽማግሌ ግንበኛ ነው፤ ጡረታ ሊወጣ ሳምንት የቀረው። ሰሌዳውን ሰቅሎ ሲያበቃ ኦኪርን ወደ ደረቁ አሸዋ ይዞት ወረደና፣ ከምሰሶው ሥር አንድ ቁራጭ የባቡር ሐዲድ ቁልቁል ቸነከረ። አናቱ ከአሸዋው ጋር እኩል እስኪሆን ድረስ በመዶሻ መታው። ከዚያ ቀና ብሎ ግራ ቀኙን ሲያይ፣ ግድቡ ላይ ቁጭ ብሎ ሥራቸውን የሚመለከት አንድ ወጣት አገኘ። ከራር ነው፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ፣ የኦኪር እኩያና ጓደኛ። ና ውረድ አለው። ኦኪርን ብረቱ ላይ አቆመው፣ ከራርን በኦኪር ትከሻ ላይ አወጣው። የከራር አናት ከቀዩ መስመር ጋር ልክ ገጠመ።

«ሜትሩን ቢሮ ያሉት ይወቁት» አለ ኡስታ በኪት። «እኔ የማውቀው ይሄን ነው። ከብረቱ እስከ ቀዩ ሁለት ሰው። ወንዝ ያመጣውን አሸዋ ሁሉ መልሶ አይወስድም፣ ከሥሩ ይተዋል። አንተ በየዓመቱ ሰኔ ስምንት፣ ውሃው ሳይመጣ፣ ብረቱን ቆፍረህ አግኘው። ከላዩ ስንት አሸዋ እንደተኛ ለክተህ ጻፍ። በዓይንህ ሳታየው እንዳትጽፍ፣ ልጄ።»

ኦኪር እሺ አለ። ስንት ሰው ለሽማግሌ እሺ ይላል፤ ሽማግሌው ዞር ሲል ይረሳዋል። ኦኪር አልረሳም።

በዓመቱ አካፋ ይዞ ወረደ። በደብተሩ ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ሰኔ ስምንት። ሁለት ጣት። ነፋስ አለ።» በሁለተኛው ዓመት አራት ጣት ሆነ። በስድስተኛው ዓመት ከመዲና ጋር ሊጋባ ሆነና፣ አማቹ ከሽማግሎች ጋር ተመካክሮ የሠርጉን ቀን ሰኔ ስምንት ላይ ጣለው። ኦኪር ተለመነ፣ ተቆጡት፣ አንዲት ቀን እንኳ ለሚስትህ አትበቃም ወይ ተባለ። አልተከራከረም። ጧት በጨለማው ወርዶ ቆፈረ፣ ለካ፣ ደፈነ፤ ከዚያ ወደ ሠርጉ መጣ። ሰይፍ ይዞ ሊጨፍር ሲዘል ከፀጉሩ ውስጥ አሸዋ እየረገፈ መዲና ላይ ይወርድ ነበር ይባላል። ከራር ለሠርገኛው ሁሉ ሙሽራው የእናቱን ወርቅ ወንዝ ውስጥ ቀብሮ ቦታው ጠፍቶበት ነው ብሎ ነገረው፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ ያምናል። የዚያን ዓመት መስመር ያነበበ ግን እንዲህ የሚል ያገኛል፦ «ሰኔ ስምንት። አንድ ስንዝር። ዛሬ አገባሁ።»

በአሥረኛው ዓመት ቀኗ ረመዳን መሃል ገባች። ድርቅ የነበረበት ዓመት ነው፤ ሰማዩ ነጭ ሆኖ ከረመ፣ ተራራው ራሱ ትኩሳት የያዘው ይመስል ነበር። ጾመኛ ቀርቶ ያልጾመም ከጥላ አልወጣም። ኦኪር ምላሱ ከላንቃው ጋር ተጣብቆ ቆፈረ። ከሰፈሩ ሰው አንዱ በግድቡ ላይ ሲያልፍ አይቶት፣ ቀኑን ወደ ዒድ ማግስት ብታሻግረው ብረቱ ይሸሻል ወይ ብሎ ጠየቀው። ኦኪር ቀና ብሎ፣ ብረቱ አይሸሽም፣ እኔ ግን አንድ ዓመት ካሻገርኩ ሁለተኛውን ማሻገሬ አይቀርም አለው። እንዲህ ያለ ሰው ነው። ሰው ሊያየው ብሎ አይደለም፣ ማንም አያየውም ነበር። ከአምላኩና ከኡስታ በኪት በቀር ቃል የገባለትም አልነበረም፤ ኡስታ በኪት ደግሞ ያን ጊዜ አፈር ከተጫነው ቆይቷል።

ታዲያ ሰው ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ዓይኑ ሥር ያለውን ሳያይ የሚቀርበት ነገር አለው። በአሥራ ሁለተኛው ዓመት አሸዋው የሰሌዳውን እግር ዋጠው፤ የታችኛው ቁጥር አልነበብ አለ። ባሽ መሐንዲሱ፣ የቢሮው መሐንዲሶች አለቃ፣ መጣና ሰሌዳው ተነቅሎ ከፍ ብሎ ይሰቀል አለ፣ ተሰቀለ። ሰሌዳው ከፍ ሲል ቀዩ መስመርም አብሮ ከፍ አለ፤ እዚያው ላይ የተቀባ ነው እኮ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ከፍ ተደረገ፣ ከዚያም እንደገና። ሦስቱንም ጊዜ መሰላሉን ይዞ የቆመው ኦኪር ነው። ከራር ደግሞ ከድልድዩ ላይ ሆኖ ግራው ዘመመ፣ ቀኙ ዘመመ እያለ ያቃና ነበር። የአሸዋውን ልክ በደብተሩ ይጽፋል፣ ግልባጩን ለቢሮው ይልካል፣ ቢሮው ፋይል ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያን ልክና ያን ቀይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ግን አንድም አልነበረም። ደግሞስ ማን ይጠራጠር? የሰፈሩ ሰው ቀዩን ከድልድዩ ላይ ሆኖ ቁልቁል ነው የሚያየው፤ ከአሸዋው ላይ ሆኖ ሽቅብ ያየው የለም። ቀይ ቀይ ነው።

በሃያ ዘጠነኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ወንዙ እንደ አበደ መጣ። ከሰዓት በኋላ፣ የዓስር ሰላት ሊደርስ ሲል ነበር። ውሃው ከቀዩ በታች በሁለት ስንዝር ላይ ቆሞ ይገላበጣል፤ ኦኪር የነጋሪቱን በትር ይዞ ዓይኑን ከሰሌዳው አልነቀለም። የግድቡ ሥር ላብ እንደሚያልበው ሰው ውሃ ማዠት መጀመሩን አይቷል። ለቢሮው ደወለ። ቀዩን ነክቷል ወይ ብለው ጠየቁት፣ አልነካም አለ፣ ታዲያ ምን ሆነህ ነው አሉት። ስልኩን ገና ሳያስቀምጥ ከራር ከዳቦ ቤቱ ሮጦ መጣ፤ እጁ ላይ ሊጡ አልደረቀም። እናቱ ሐጃ ዘይነብ ዓይነ ስውር ናት፣ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ዓመቷ። በከንቱ ካወጣኋት ትረግመኛለች፣ አምና በከንቱ አውጥቻት ስንት ወር አኮረፈችኝ አለ።

«ላውጣት ወይስ ትቆይ?» አለው። «አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው።»

ኦኪር ሰሌዳውን አየ። ደንቡን አሰበ።

«ቀዩን አልነካም» አለ።

ከራር ወደ ምድጃው ተመለሰ። ብዙ አልቆየም፤ ግድቡ ከዳቦ ቤቱ በላይ ተቀደደ፣ ውሃው ወደ ጀናይን ገባ። ከራር ቤቱ ሲደርስ ግድግዳው ቀልጦ ጣራው ተኝቷል። ከሰፈሩ ሁሉ የሞተችው ሐጃ ዘይነብ ብቻ ናት። ውሃውም ቀዩን ሳይነካ ጎደለ።

እንግዲህ ከዚያ በኋላ የሆነውን መናገር ያማል። ከራር ኦኪርን አልሰደበውም፣ አልመታውም። ዝም አለው። በመንገድ ሲገናኙ ግድግዳ እንዳየ ሰው ያልፈዋል። የሰፈሩ ሰው ግን አፉን አልያዘም፤ «ቀዩን አልነካም» የሚለው የኦኪር ቃል የጀናይን መቀለጃ ሆነ። አንዷ ወጥ ስታሳርር ባሏ ቀዩን አልነካም ይላታል። የአህያ ጋሪው ሲሰበር ባለ ጋሪው ቀዩን አልነካም ይላል። ኦኪር ይሰማል፣ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። መዲና ማታ ስታለቅስ ያገኛታል።

በማግስቱ ዓመት ሰኔ ስምንት ብረቱን ያገኘው ሁለት ክንድ ከስንዝር ወርዶ ነው። ወገቡ ድረስ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ አናቱን በእጁ ጠረገና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ሥር ሆኖ ወደ ቀዩ ቀና አለ። አየው። ኡስታ በኪት ከብረቱ እስከ ቀዩ ሁለት ሰው ብሎት ነበር። አሁን ሦስት ሰው ይፈልጋል። ቀዩ ሦስት ጊዜ እሱ መሰላል እየያዘ ሽቅብ ሲሰደድ፣ ግድቡ ያለበት ቆሞ ቀርቷል። መልሱ በየዓመቱ በገዛ እጁ ጽሕፈት ደብተሩ ውስጥ ነበር። ጉድጓዱ ውስጥ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። በዚያ ዓመት ደብተር ላይ «ሁለት ክንድ ከስንዝር። ሐጃ ዘይነብን እኔ ገደልኳት» ብሎ ጽፏል። አልገደላትም፤ ይሄን እኔ ልናገር። ግን ስንቱ የገደለ ሰው እንኳ እንዲህ ብሎ አይጽፍም።

ከዚያች ቀን ጀምሮ ኦኪር አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ሌላ ጎርፍ ሳይመጣ ቀዩ ወደ ቦታው እንዲወርድና ግድቡ ከፍ እንዲል። ቢሮ ሄደ፣ ጨዋ ወጣት መሐንዲስ አስቀምጦ አዳመጠው፣ ነገሩ ጥናት ላይ ነው አለው። በዓመቱም ጥናት ላይ ነበር። የሰፈሩን ሰው ለመነ። ሰኔ ስምንት ኑና ብረቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ሌላ ምንም አልጠይቃችሁም አለ። ማን ሊመጣ? ቀዩን አልነካም ያለ ሰው አሁን ደግሞ ቀዩ ውሸት ነው ሲል ማን ይስማው? በስድሳ ዓመቱ ጡረታ ወጣ፣ ሰሌዳውን ሌላ ሰው ተረከበ። ሰኔ ስምንትን ግን ማንም አልተረከበውም። እየወረደ መቆፈሩን ቀጠለ፤ ከመዲና በቀር አንድ ሰው ሳያጅበው። ጉድጓዱ በዓመት በዓመት ይጠልቃል፣ የኦኪር ጉልበት በዓመት በዓመት ያጥራል። አሸዋ ደግሞ ክፉ ነው፣ አንድ አካፋ ስታወጣ ሁለት አካፋ ይንድብሃል።

አርባ አራተኛው ሰኔ ስምንት የዒድ ቀን ሆነ።

በካሰላ ዒድ ሰላቱ እንዳለቀ የየሰፈሩ ወንዶች በአንድ ላይ ሆነው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በየቤቱ ገብተው ቴምርና ብስኩት ይቀምሳሉ፣ እርስ በርስ አፉ በለኝ ይባባላሉ፣ ወጥተው ወደሚቀጥለው ቤት ይሄዳሉ። አንድም ቤት አይዘለልም፤ የተዘለለ ቤት ሞት እንደገባበት ይቆጠራል። ከራርም ከሰዉ ጋር ይዞራል። የኦኪር ቤት ሲደርሱ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሌሎቹ ሲገቡ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ና ግባ አይለውም።

በዚያ ዒድ ሰዎቹ የኦኪር ግቢ ሲገቡ መዲና ብቻዋን አገኟት። ብስኩቱን በሰሐን አቅርባ ቆማለች። ኦኪርስ አሏት።

«የነፊሳ አባት ወንዝ ውስጥ ነው» አለች፤ ነፊሳ ልጃቸው ናት። «ከሰላት ቀጥታ ወረደ። አፉታ የምትፈልጉ እዚያው ሂዱለት። እኔ ስለ እሱ አፉ ማለት አልችልም፣ እናንተም እሱን ዘላችሁ መሄድ አትችሉም።»

ሰዎቹ ተያዩ። ሴትዮዋ ይዛቸዋለች። አርባ የሚሆኑ ወንዶች ነጭ ጀላቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ እያጉረመረሙና እየሳቁ በግድቡ ተሻግረው ወደ ደረቁ ወንዝ ወረዱ። ከራርም አብሮ ወረደ። ወንዝ ውስጥ በር የለም፤ የት ቆሞ ይጠብቅ?

ከድልድዩ ምሰሶ ሥር ሲደርሱ ሰው አልታያቸውም፤ አሸዋ ብቻ ነው ከመሬት ውስጥ በየተራ የሚወረወረው። ቀርበው ጎንበስ ሲሉ ኦኪር ጉድጓዱ ውስጥ ነው። የዒድ ጀላቢያው በላብ ጠቁሯል፣ አንዱ ጎን ተንዶበት እስከ ጭኑ ተቀብሯል። ብረቱን ገና አላገኘውም። ቀና ብሎ ያን ሁሉ ነጭ ልብስ ሲያይ ደነገጠ። አንዳንዶቹ ከላይ ሆነው ዒድ ሙባረክ፣ አፉ በለን ሲሉት፣ አፉ ብያለሁ፣ አንድ ክንድ ያህል ይቀረኛል፣ አካፋ የያዘ አለ ወይ አለ። ከኋላ የቆሙት ሳቁ። አንዱ ቀልደኛ ቀዩን ነክቷል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሳቁ ባሰ።

ከራር አልሳቀም። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል አየ። የሚያየው የስድሳ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ነው፣ ዒዱን ትቶ የገዛ መቃብሩን የሚቆፍር የሚመስል። ጫማውን አወለቀ። ጀላቢያውን እስከ ወገቡ ጠቅልሎ አሰረና ዘሎ ገባ። አካፋውን ከኦኪር እጅ ወስዶ መቆፈር ጀመረ። ዕድሜ ልኩን የዱቄት ጆንያ የተሸከመ ትከሻ ነው፣ አሸዋው ወጥቶ ያልቃል። ሳቁ ጠፋ። ሌሎቹም እየተንበረከኩ የጉድጓዱን ጫፍ አሸዋ በእጃቸው ይስቡ ጀመር። ከትንሽ ቆይታ በኋላ አካፋው ብረት ላይ ጮኸ።

ሦስት ክንድ ከስንዝር።

ኦኪር እጁን ዘርግቶ የብረቱን አናት ጠረገ። ከዚያ ከራርን ከአሥራ አምስት ዓመት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን እያየ አናገረው።

«ኡስታ በኪት ሰሌዳውን የሰቀለ ዕለት አንተ ከላይ ነበርክ» አለው። «ዛሬ ከታች ሁንልኝ። ብረቱ ላይ ቁም።»

ከራር ቆመ። አናቱ ከአሸዋው ደረጃ ጋር እኩል መጣ። ኦኪርን ከጉድጓዱ ጎትተው አወጡት፤ ከአሸዋው ጫፍ ላይ እግሩን ወደ ከራር ትከሻ ሰደደ። መውጣት አላስፈለገውም፣ መውረድ ነው እንጂ፤ ስንዝር ያህል ብቻ። ያ ሁሉ ሰው እንደዚህ ሲያይ ነው የገባው። ከሩቅ ለሚያይ፣ ኦኪር መሬት ላይ የቆመ አንድ ተራ ሽማግሌ ነው። ከሥሩ ሌላ ሙሉ ሰው ተቀብሮ ቆሟል።

«ከብረቱ እስከ ቀዩ ሁለት ሰው ነው ብሎ ኡስታ በኪት አስረክቦኛል» አለ ኦኪር፣ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ። «እነሆ ሁለት ሰው። ቀዩ እዚህ ነው። አሁን ያለበትን ደግሞ ቀና ብላችሁ እዩት።»

ቀና አሉ። ቀዩ ከኦኪር አናት በላይ አንድ ሙሉ የሰው ቁመት ያህል ርቆ ተሰቅሏል። ከዚያ ዞረው ግድቡን አዩ፤ ከአሸዋው ላይ ሆነው ሲያዩት ቀዩ ከግድቡ ጫፍ በጉልበት ይበልጣል። ውሃው ቀዩን ሳይነካ በፊት ጀናይን ሁለት ጊዜ ሊሰጥም ይችላል። ቀልደኛው ራሱን ይዞ ቁጭ አለ።

ከራር ከሥር ሆኖ የሚያየው ነገር የለም፤ አሸዋና የኦኪርን ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው። የሰዉን ዝምታ ግን ሰማ። ያን ሰሌዳ ነቅለው ከፍ ሲያደርጉት እሱም ከድልድዩ ላይ ቆሞ አቃኑት እያለ ይጮህ እንደነበር ትዝ ሳይለው አልቀረም። የኦኪርን ሁለት እግር በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ።

«አፉ በለኝ» አለ ከጉድጓዱ።

ኦኪር ከላይ ሆኖ ያለቅስ ስለነበር እንባው ከራር አናት ላይ ይወድቅ ነበር ብለው የነገሩኝ እዚያ የነበሩ ናቸው።

ያን ዕለት ዒዱ እዚያው ወንዝ ውስጥ ዋለ። ሴቶቹ ምግቡን ይዘው ወረዱ። ከራር ለዒድ በሩን ቀብቶ የተረፈውን ቀይ ቀለም አምጥቶ፣ የቢሮውን ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ በምሰሶው ላይ በኦኪር አናት ልክ አዲስ መስመር አሰመረ፤ አሮጌውን በጥቁር ደመሰሰው። አንዱ፣ በዚህ ዓይነት ክረምቱን ሁሉ አልጋ ተሸክመን ልንኖር ነው ሲል ከራር ቀለሙን ሳያቋርጥ እንኑር አለው። በሦስተኛው ቀን ወጣቱ መሐንዲስ ተቆጥቶ መጣ። ወደ ጉድጓዱ ገባ፣ ሲወጣ ቁጣው የለም፣ አዲሱን መስመር የሚያጸድቅ ወረቀት አውጥቶ ፈረመ። ወንዙ እስኪደርስ ድረስ ጀናይን ወንድ ሴት ሳይል በጆንያ አሸዋ እየሞላ ግድቡን ከፍ ሲያደርግ ሰነበተ። «ቀዩን አልነካም» የሚለውን ቀልድ ግን ከዚያ ወዲህ ከማንም አፍ አልሰማሁም።

በዚያው ነሐሴ ወንዙ መጣ፤ ከሃያ ዘጠነኛው ዓመት የባሰ ነው የሚሉ አሉ። ጆንያውን ዘልሎ አሥራ ሰባት ቤት አፈረሰ። የሰው ነፍስ ግን አንድም አልጠፋም። እኔ የምነግራችሁ የአንዱን ሰው አወጣጥ ብቻ ነው።

ኦኪር ከዚያ ቁፋሮ በኋላ ወገቡን ይዞት አልጋ ላይ ውሏል። ከሰዓት በኋላ ነው፤ የወንዙ ድምፅ በግድግዳው በኩል ይሰማል፣ ነጋሪቱ ዝም ብሏል። መዲና ጓዟን ጠቅልላ በር ላይ ቆማለች። ከራር ሳያንኳኳ ገባ፤ እጁ ላይ ሊጡ አልደረቀም። አልጋው ጫፍ ላይ በርከክ ብሎ ጀርባውን ሰጠ።

«ቀዩን ነክቷል?» አለ ኦኪር።

«አልነካም» አለ ከራር። «ና ውጣ።»

ኦኪር ጥቂት አመነታ። ከዚያ ክንዱን በከራር አንገት ዙሪያ አሳለፈ፣ ከራር አዝሎት ብድግ አለ። ነጋሪቱ የተመታው እነሱ ሰፈሩን ጨርሰው ተራራው ሥር ሲደርሱ ነው። ኦኪር ከጀርባው ላይ ሆኖ አሁን ነካ አለው። ከራር ሰምቻለሁ አለ፣ ኦኪርን ትንሽ ከፍ አድርጎ አመቻቸውና መንገዱን ቀጠለ።